አላሙራ፣ አንድ ጣት ሲቀር

«ስኳርህ ወጥቷል» አለኝ ሐኪሙ፣ ወረቀቱን እያጠፈ፤
«እንግዲህ አንተም ውጣ» ሲል፣ ጣቱ በመስኮት አለፈ፣
አላሙራ ላይ አረፈ።

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ከፎቶ ኮፒ ሱቄ ደጅ፣
ሳየው ኖሬአለሁ ያን ጋራ፤ እንደ ሩቅ ዘመድ፣ እንደ ወዳጅ፣
ሰላም እንደሚሉት በእጅ።
ጥምጣሙን ሲያስር በሐምሌ፣ በጥር ራሱን ሲገልጥ፣
የሰው መታወቂያ ስገለብጥ፣ የሰው ዲፕሎማ ስገለብጥ፣
አንድም ቀን አላልኩም ለካ፣ «እኔስ አንዳንዴ ብወጣ?»
ዕድሜዬ በኮፒ አለቀ፣
ዋናው ሳይመጣ።

እሑድ ጎሕ ሲቀድ ባጃጁ፣ አስፓልት ካለቀበት ጣለኝ፤
ሐዋሳ ተኝታ ነበር፤ የሐይቁ ሽታ ብቻ ሸኘኝ።
ለዳሞ የደኑ ዘብ፣ በተቀደደ ቦቲ ጫማ፣
ቆመጡን በብብቱ ይዞ፣ ከፊት ቀደመኝ ኮቴው ሳይሰማ።
«ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ብለው፣ ዞሮ ቦርጬን አየና፣
«ለእኔ አርባ ደቂቃ፤ ለአንተ... ስንቅ ይዘሃል?» አለኝ በትሕትና።

ደኑ ገና አፉን ሲከፍት፣ ቀኑ ዓይኑን ከደነብን፤
ዝናቡ ካቆመ ቆይቷል፤ ዛፉ ግን ገና ዘነበብን፤
ቅጠል ለቅጠል እያቀበለ፣ ቅጠል ለአንገቴ እያደረሰ፣
የሌሊቱ ውሃ በጀርባዬ፣ እስከ ቀበቶዬ ፈሰሰ።
ጭቃው እንደ አራጣ አበዳሪ፣ አንድ እግሬን ሲለቅ አንዱን ያዘ፤
የተማመንኩት ሐረግ ከዳኝ፤ መዳፌ በሳማ ደነዘዘ።

ዝግባው ላይ ጉሬዛ ነበር፣ ነጭ ካባውን ደርቦ፤
እንደ ሽማግሌ ዳኛ አየኝ፣ ከቅርንጫፍ ወንበሩ ቀርቦ።
ከሳሽም ተከሳሽም እኔው፤
ምን ብሎ እንደ ፈረደ
ሳይነግረኝ፣ ዘሎ ሄደ።

እኩሌታው ላይ በቃኝ። ከወደቀ ግንድ ላይ ተዘረጋሁ።
ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይደልቃል፤ ጉልበቴን ጠርቼ አጣሁ።
ብርድ ብርድ አለኝ፤ ላብ አጠመቀኝ፤ እጄ ተንቀጠቀጠ፤
ለዳሞ «አይዞህ» አላለም፤ ኪሱን ዳበሰ፣ ከረሜላ ላጠ።
«ለልጄ ነበር፤ ብላ» አለኝ፣ እጁ ጭቃ እንደ ለበሰ፤
ስኳር ከቤቱ ያባረረው ሰው፣ በስኳር ነፍሱ ተመለሰ።

ከዚያ ወዲያ ቀስ አልን። ለዳሞ ጉቶ ባየ ቁጥር ይቆማል፤
እግሩን ያሳርፍበታል፤ ስሙን ይጠራል፤ ያልፋል።
«ይኼ ዝግባ ቅዳሜ ሌሊት፣ እኔ ተረኛ ሳልሆን ወደቀ፤
ያ ደግሞ የወንድሜ ቤት ቋሚ ነው»፤ አንገቱን ደፋ፤ ሳቀ፤
ያ ሳቅ ግን ቶሎ ደረቀ።

በመጨረሻ ብርሃን መጣ፤ ዛፎቹ ወደ ኋላ ቀሩ፤
«ጫፉ!» አልኩ። ጫፉ ግን ታጥሯል፣ ከነቁልፉ፣ ከነበሩ።
የስልክ ማማ፣ ጄኔሬተር፣ በሽቦው ላይ ሸሚዝ ተሰጥቶ፤
«ደብዳቤ አላችሁ?» አለ ዘበኛው፣ ከላስቲክ ወንበሩ ተነሥቶ።
«የምን ደብዳቤ?»
«የፈቃድ ነዋ!
ማኅተም ያረፈበት ይሁን፤ ዋናው ነው፣ ኮፒ አይሰራም!»
ይኼን ለእኔ! ሳቄ አመለጠኝ፣ ሳላፍርም፣ ሳልፈራም።
ለዳሞ ሳይገባው ሳቀ፤
ዘበኛው ግንባሩን ቋጠረ፤ ቁልፉን ይበልጥ አጠበቀ።

ከታች ጉም ብቻ ነበር። ሐይቁ የለም፤ ከተማው የለም፤
የባጃጅ ጡሩምባ ብቻ፣ ከጥጥ ውስጥ እንደሚሰማ ሕልም።
ለዳሞ ቁጢጥ አለና፣ የቦቲውን ውሃ ደፋ፤
ጉሙ ለአፍታ ተቀደደ፤ አንድ ቆርቆሮ በራና ጠፋ።
የእኔ ሱቅ ይሁን፣ የሌላ፣
እንጃ።

ከአጥሩ ወዲያ፣ አንድ ጣት ያህል፣ የጫፉ ድንጋይ ነበረ፤
በየወሩ በመርፌ የሚወጉት ጣቴ፣ በሽቦው መሐል ተሻገረ።
ዘበኛው አየ፤ ዝም አለ፤ ቀና ብሎ ማማውን ቆጠረ።

ድንጋዩ ቀዝቃዛ ነበር፤ እርጥብ፤ እንደ ጥጃ አፍንጫ።
«ዋናው መውረዱ ነው» አለኝ ለዳሞ፣
ቦቲው ውስጥ ጭቃው ሲንጫጫ።